ስለ አንገት እጢ ነቀርሳና ስለ ኦፕራሲዮን

(ለሽንሌ ነዋሪዎች ከተደረገ የጤና ትምህርት ንግግር)



«ይህን አንገቴ ላይ የወጣውን እብጠት ሐኪም ቆርጦ ይጣልልኝና ልገላገል» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። አይፈረድም፤ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ቢቆረጥ የሚያልቅለት ይመስላል። ዳሩ ግን የነቀርሳ ተሐዋሲ በሌላም የሰውነት ክፍል ተደብቆ ሊኖር ስለሚችል፣ አንዱን እጢ ማውጣት ብቻውን ሰውየውን አያድነውም።

ድሮ በአውሮፓ ንጉሥ በእጁ ከዳሰሰኝ እድናለሁ ይባል ነበር። ኋላም ሐኪሞች እጢውን እየቆረጡ ያወጡ ነበር፤ ሌላ ምን ያድርጉ፣ መድኃኒት የለም። ሮበርት ኮህ ተሐዋሲውን ማግኘቱን ያስታወቀው በ1882፣ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ደግሞ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሕክምና መድኃኒት ሆነ።

ዛሬ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ሽንትን ያቀላል፤ ደም መስሏችሁ እንዳትደነግጡ።

ታዲያ የቀዶ ሐኪም ሥራው ምንድን ነው? አንዱ ምርመራ ነው። በቀጭን መርፌ ከእጢው ጥቂት ተስቦ ይታያል፤ በዚህ ካልተለየ እጢው በትንሽ ኦፕራሲዮን ወጥቶ ይመረመራል። የአንገት እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለማ! እንቅርት አለ፣ ካንሰርም አለ። መግል ከቋጠረ በመርፌ ይሳባል፤ በቢላዋ ከተቀደደ ግን ቁስሉ ሳይደርቅ ለወራት ሊያዥ ይችላል። መድኃኒቱ ተወስዶ አልመለስ ላለ ትልቅ እጢ ማውጣት ይታሰባል። ይህም ቢሆን የባለሙያ እጅ ይጠይቃል፤ በአንገት ጎን የሚያልፈው ነርቭ ከተነካ ትከሻ ይዘነበላል፣ ክንድ ማንሳት ያቅታል።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። መድኃኒት ከተጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እጢው ይባስ ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቋርጠው ያን ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ሰውነት የሞተውን ተሐዋሲ ሲቆጣ የሚመጣ እብጠት ነው። መድኃኒት የማይበግረው ተሐዋሲም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይየው፤ እናንተ ግን አታቋርጡ። ከ6 ወር በኋላ ትንሽ ጓል ቢቀርም ብቻውን አልዳነም አያሰኝም።

በጋለ ብረት መተኮሱስ? ሽማግሌዎቻችንን ሳላቃልል፣ ቁስል ይጨምራል እንጂ ውስጥ ያለውን አይገድልም። ደግሞ እጢ ላይ ብቻ ያለ ነቀርሳ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ልጅቱን ከማዕድ አታርቋት።

ጥሬ ወተትም የከብት ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍሉት። ሆኖም በአገራችን የእጢ ሕሙማን ሲመረመሩ በአብዛኛው የተገኘው የሰው ተሐዋሲ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ 2 ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ካለ፣ እሱንም አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ኑ። ድሬዳዋ ሆስፒታል ሂዱ ከተባላችሁም ቅርብ ነው፣ የተጻፈላችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።