ፕሮግራም ከማን ይወርሳል?



አንድ መምህር በሊኑክስ ኮምፒዩተር የአማርኛ ፈተና ለማዘጋጀት ተቀምጦአል እንበል። የሚሠራው ኤክስ በሚባለው የመስኮት ሥርዓት ላይ፥ በአንድ ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ ነው። የግዕዝን ፊደል በኪቦርድ የሚያስገባለትን አይባስን ጭኖ አስነሥቶአል፤ ፕሮግራሞች ከአይባስ ጋር እንዲገናኙ የሚያደርጉትንም ሦስት የአካባቢ ተለዋዋጮች ባሽ-አርሲ በሚባለው ፋይሉ ውስጥ ጽፎአል። የጽሑፍ ማዘጋጃውን በተርሚናል ስሙን ጽፎ ሲያስነሣው አማርኛው በትክክል ይጻፍለታል። ያንኑ ፕሮግራም ከመስኮት አስተዳዳሪው ዝርዝር መርጦ ሲከፍተው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ይወጣል። ፈተናው ለነገ ነውና መምህሩ ተጨነቀ፤ ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎትም ነቅሎ እንደገና ጫነው፤ ለውጥ ግን አላገኘም።

ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ነገሩ የውርስ ነገር ነው። የአካባቢ ተለዋዋጭ ማለት አንድ ፕሮግራም ሲነሣ ይዞት የሚነሣው ስምና ዋጋ ነው። ይህ ሥርዓት በዩኒክስ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በወጣው በሰባተኛው እትም ነው። ሕጉም እንዲህ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲወልድ የያዘውን ግልባጭ ያወርሰዋል። ውርሱ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ይወርዳል እንጂ ከልጅ ወደ ወላጅ አይወጣም። የሚሰጠውም በልደት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወላጁ ከዚያ በኋላ ያገኘው አዲስ ሀብት አስቀድሞ ለተወለደው ልጅ አይደርሰውም። በሼል ውስጥ ደግሞ ኤክስፖርት ያልተባለ ተለዋዋጭ ከቶ አይወረስም።

እንግዲህ የትውልዱን ሐረግ እንቍጠር። የመግቢያው ፕሮግራም የመስኮት አስተዳዳሪውን ይወልዳል፤ የመስኮት አስተዳዳሪው ተርሚናሉን፥ ተርሚናሉም ሼሉን ይወልዳል። ባሽ-አርሲን የሚያነበው ይህ የመጨረሻው፥ የልጅ ልጅ የሆነው ሼል ነው። አያቱ የመስኮት አስተዳዳሪ በዚያ ፋይል የተጻፈውን አያውቅም፤ ከዝርዝሩ የሚያስነሣቸውም ፕሮግራሞች የእርሱ ልጆች ስለ ሆኑ የሚወርሱት እርሱ የያዘውን ብቻ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ ነው።

ስለዚህ ሀብቱን ከአያቱ ላይ ማኖር ያሻል። በስታርትኤክስ ትእዛዝ የሚገባ ሰው ተለዋዋጮቹን በኤክስ-ኢኒት-አርሲ ፋይል ውስጥ፥ የመስኮት አስተዳዳሪውን ከሚያስነሣው መስመር በላይ ይጽፋል። ከመስመሩ በታች የተጻፈ ግን አይጠቅምም። በዴቢያንና በኡቡንቱ የኤክስ-ሴሽን-አርሲ ፋይል ለዚሁ ያገለግላል፤ ጂዲኤምና ላይትዲኤም የሚባሉት መግቢያዎች ደግሞ ኤክስ-ፕሮፋይልን ያነባሉ። የእነዚህ ሁሉ ስም በነጥብ ይጀምራል፤ ስፍራቸውም የተጠቃሚው የቤት ማኅደር ነው። ከተጻፈ በኋላ ወጥቶ እንደገና መግባት ግድ ነው፤ የመስኮት አስተዳዳሪው አስቀድሞ ተወልዶአልና። አንድ ፕሮግራም ብቻ ቢሆን የሚፈለገው፥ በዝርዝሩ መግለጫ ፋይል ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም በፊት ኤንቭ የሚለውን ትእዛዝና ተለዋዋጩን መጻፍ ይበቃል።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። በእነዚህ ፋይሎች የተሠራ ስሕተት መግባትን ሊከለክል ይችላልና ከመለወጥ በፊት ግልባጭ ማስቀረት ይገባል። የምስጢር ቃልም በዚያ አይኑር፤ ከዚያ በታች የሚወለደው ሁሉ ይወርሰዋልና።

ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ተርሚናሉን ምስክር አያድርግ። ተርሚናሉ ባሽ-አርሲን ያነበበውን ሼል ስለሚጠይቅ ሁልጊዜ «አለኝ» ይላል። እውነተኛው ምስክር በፕሮክ ማኅደር ውስጥ በፕሮግራሙ ቍጥር ሥር የሚገኘው ኤንቫይሮን የሚባል ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ ሲወለድ የተሰጠውን ውርስ ያሳያል።

መምህሩ ሦስቱን መስመሮች ወደ ኤክስ-ፕሮፋይል አዛውሮ፥ ወጥቶ ቢገባ፥ ፈተናውን በዚያው ማታ በአማርኛ ጽፎ ይጨርሳል። ተማሪዎቹም ነገ «በተርሚናል ይሠራል፥ ከዝርዝሩ ግን እምቢ አለኝ» ብለው ቢመጡ፥ ነቅላችሁ እንደገና ጫኑት ከማለት ይልቅ «ወላጁ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው። የዚህ ጥያቄ መልስ መድኀኒቱ የት እንዳለ ይነግራቸዋል።