አያ ጅቦ በሥዕል ተረታችን ውስጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ አስቂኝ ፍጡር ነው። በፈረንጆች የሥዕል ተረት ውስጥ ጀግናው ሰይፉን ታጥቆ ዘንዶ ሊገድል ሲሄድ፥ አንዳንድ ጊዜ ከኋላው የሚከተል ሰው ሆኖ ተኩላ፥ ተኩላ ሆኖ ሰው የሆነ አጃቢ አለው። ቀን ካፖርት ለብሶ ይውላል፤ ጨረቃ ስትሞላ ጠጕር ያበቅልና ይጮኻል፤ በጭንቅ ሰዓት ደግሞ አጥንት ሸቶት ጌታውን ጥሎ ይሮጣል። ታሪኩ የጀግናው ነው፤ አንባቢው የሚናፍቀው ግን ይህን አጃቢ ነው።

የእኛ ክፍል ተማሪዎችም ለዚህ በዓል በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሥዕል ተረት ስናዘጋጅ እንዲህ ያለ አጃቢ ፈለግን። ነገር ግን በቦረናና በሳይንት ተኩላ አይሆንልንም። በደንቆሮ ጫካ በኩል ያለው ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን የሚውል ጭምት አውሬ ነው፤ «እገሌ ቀበሮ ሆነ» ተብሎ ሲታማም ሰምቼ አላውቅም። በአገራችን ሰው ይለወጥበታል የሚባለው አውሬ ጅብ ነው።

ጅብ ደግሞ ለሣቅ የተፈጠረ ይመስላል። በተረት «አያ ጅቦ» ብለን እንደ ታላቅ ወንድም አክብረን እንጠራዋለን፤ ወዲያው ደግሞ በጦጣ እናስታልለዋለን። ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለውም እርሱ ነው። እስቲ አስቡት፤ የክብር እንግዳ መስሎ ገብቶ፥ የተነጠፈለትን ቁርበት በሌሊት ሊበላ! በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 በታተመው የእንግሊዛዊው የናትናኤል ፒርስ የሕይወት ታሪክ ውስጥ፥ በጆሮው ላይ የወርቅ ጕትቻ የተገኘበት ጅብ እንዳለ ተወርቷል። ሰውየው ሲለወጥ ማውለቁን ረስቶ መሆን አለበት! በ2012 ደግሞ፥ በዚያው አቆጣጠር፥ ከትግራይ የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፥ በዐቢይ ጾም ሰው ማረዱን ሲተው ጅቦቹ የሥጋ ትራፊ ያጡና አህያ ወደ መብላት ይዞራሉ። ሰው ሲጾም የማይጾም እንዴት ሰው ይባላል?

ወደ ሥዕላችን ልመለስ። ጅቡን ሥለን ኮት አለበስነው። አንዱ «ቀን ቀን ሥራው ምን ይሁን?» ሲል፥ ሌላው ወዲያው «ቀጥቃጭ ነዋ!» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን ግን አልሣቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ይገልጥ ጀመር። አባቱ ባለ እጅ ናቸው። ይህን ባየሁ ጊዜ ሣቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ወላጆቻችን የሚያርሱበት ማረሻ፥ የሚያጭዱበት ማጭድ፥ እንጨት የሚፈልጡበት መጥረቢያ ከማን እጅ እንደሚወጣ ሁላችን እናውቃለን። አፈሩ በእሳት ብረት ሲሆን፥ ብረቱ ማረሻ ሲሆን ያየ የጥንት ሰው፥ «ይህ ሰው ራሱንም ይለውጣል» ብሎ ሳይፈራ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃቱ ስድብ ሆነ። ባለ እጁን «ቡዳ» ብለው ልጅ አይድሩለትም፤ ሕፃን ሲታመም በዐይኑ ያመካኛሉ፤ በሽተኛውም ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በእኛ ክፍል ሣቅ ሆኖ ተቀምጦ አገኘሁት።

አያ ጅቦን ከተረቱ እናውጣው አልልም። ያለ እርሱ ተረቱ ጨው የሌለው ወጥ ነው። እኛም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆየን፤ ይቅርታ መጠየቅ ያሰበ ነበረ፥ እንዴት እንደሚጀምር ግን ያወቀ አልነበረም። በመጨረሻ የተናገረው ያው ጓደኛችን ነው። «ተማሪ ይሁን» አለ፤ «ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየ፥ ሁልጊዜ የሚርበው፥ በሌሊት የጓደኞቹን ስንቅ የሚጨርስ»። በዚህ ያልሣቀ አልነበረም፤ ሁላችንም እንዲህ ያለ ጓደኛ አለንና፤ አንዳንዶቻችን ራሳችን ነን።

ሥዕሉ በመግቢያው በር አጠገብ ተለጥፏል፤ ስትወጡ እዩት። ኮት የለበሰው ጅብ ባዶ የቆሎ ከረጢት ይዟል። በአራተኛው ሥዕል ላይ የጀግናው ሰይፍ ይሰበርና አንድ ባለ እጅ ያበጁለታል። ያን ሥዕል የሣለው ጓደኛችን ነው፤ ወናፉን እኛ ብንሥለው ኖሮ ትራስ ነበር የሚመስለው።