መመላለሻው ቤት አይሆንም

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

ምንባብ፦ የዮሐንስ ወንጌል 5፥1-15፤ 9፥1-38

  

ዛሬ የማነሣው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እዚህ ዩታ ለምንኖር ግን የጎረቤታችን ጉዳይ ነው። ከሞርሞን እምነት ስለ ወጣች አንዲት እኅት ነው የምነግራችሁ። "እኛ ሞርሞን አይደለን፣ ምን አገባን?" እንዳትሉ። እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ይመጣል።

ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ከአገር ቤት ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ስትመጣ አንድም ዘመድ አልነበራትም። በዚያ በረዶ መጀመሪያ በሯን ያንኳኩት ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ ያደረጉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ዕቃዋን ተሸከሙላት። እንግሊዝኛ በነጻ ወደሚሰጥበት ክፍል ወሰዷት። ስትታመም ሾርባ ይዘው የመጡት ሴቶችም ከእነርሱ ነበሩ። ተጠመቀች፤ እዚያው አገባች፤ 11 ዓመት ኖረች። ጀበናዋን እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ በዚያ እምነት ቡናና ሻይ አይጠጣምና። የሐበሻ ልጅ ጀበናዋን ስትጠቀልል እስቲ አስቡት!

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ይህ እምነት በጆሴፍ ስሚዝ አማካይነት በ1830 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ተጀመረ። ከ1847 ጀምሮ ብዙዎቹ ተከታዮች በብሪገም ያንግ መሪነት ወደ ዩታ መጡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሏቸው ይናገራሉ። የኢየሱስን ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞንንና ሌሎች መጻሕፍትን ቅዱስ ቃል ብለው ይቀበላሉ፤ ከሐዋርያት በኋላ የጠፋችው እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን በጆሴፍ ስሚዝ ተመልሳ ተቋቋመች ብለው ያስተምራሉ። ስለ እግዚአብሔር አብ ማንነትም አንስማማም። ይህን ልዩነት አናቃልለውም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ስለ ሌላ ወንጌል የጻፈውን እናውቃለን። ሰዎቹን ግን አንሰድብም። እኅታችንን በረዶ ውስጥ ያገኟት እነርሱ ናቸው፤ እኛ አይደለንም።

ታዲያ እንዴት ወጣች? ማንም ሰባኪ አላስወጣትም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ጆሴፍ ስሚዝ ብዙ ሚስቶች ያወጣችውን ጽሑፍ አንድ ሌሊት ቁጭ ብላ አነበበች። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። ጥያቄ ጥያቄን እየወለደ ሄደና አንድ እሑድ "ከእንግዲህ አልሄድም" አለች።

መውጣት እዚያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጋብቻ በቤተ መቅደሳቸው ከታሰረ ቤተሰቡ ለዘላለም አንድ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲወጣ ለዘመዶቹ ያ የዘላለም ሰንሰለት እንደ ተበጠሰ ነው። ወደ ቤተ መቅደሱ ለመግባት የመሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ የሌለው ወላጅ ልጁ እዚያ ውስጥ ሲያገባ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። የእኅታችን አማት እየመጡ ያለቅሱ ነበር። ጠልተዋት አይደለም፤ ለዘላለም ያጧት መስሏቸው ነው። ባሏ ዝም አለ። ጓደኞቿ አንድ በአንድ መደወል አቆሙ።

በዚህ ጊዜ ነው እንደ እርሷ የወጡ ሰዎች በስልክ የሚወያዩበትን ግሩፕ ያገኘችው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳትተኛ አነጋች። "ለካ እብድ አይደለሁም" አለች። የእርሷን ሕመም የሚያውቁ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብትጽፍ የሚመልሱላት ሰዎች አገኘች። ወገኖቼ፣ ይህን እንዳናቃልለው። ያን ጊዜ ያ ግሩፕ ባይኖር ኖሮ ምን ትሆን እንደ ነበር እኔ አላውቅም።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ወደ ቢሮዬ መጣችና እንዲህ አለችኝ፦ "ፓስተር፣ እንደ ሱስ ሆነብኝ። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ እከፍተዋለሁ። ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አነባለሁ። ልጄ 'እማዬ' ሲለኝ 'አንዴ ቆይ' እለዋለሁ፤ ያ 'አንዴ' አንድ ሰዓት ይሆናል። አጥፍቼው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መልሼ ጫንኩት። ከቤተ ክርስቲያኑስ ወጥቻለሁ፤ ያቃተኝ ከመውጣቱ መውጣት ነው።"

ያን ሌሊት ቃሏ እንቅልፍ ነሣኝ። እንግዲህ መጽሐፋችንን እንክፈት።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች። 5 መመላለሻ ነበራት፤ ጣሪያ ያለው በረንዳ ማለት ነው። እዚያ ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ሰዎች ተኝተው የውሃውን መናወጥ ይጠብቁ ነበር። ከእነርሱ አንዱ 38 ዓመት ታሞ የኖረ ነው።

በመጀመሪያ ይህን እዩ፦ መመላለሻው ክፉ ቦታ አይደለም። ለበሽተኛ ጥላ ነው። እዚያ የተኛውን "ለምን ተኛህ?" ብሎ የሚቈጣው የለም፤ ጎኑ ያለውም ታማሚ ነው። ጌታ መመላለሻውን ሲያወግዝ አናነብም። ራሱ ገባበት እንጂ!

ሁለተኛ፣ የሁሉም ዓይን ውሃው ላይ ነው። ውሃው መቼ እንደሚናወጥ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህም ነው ዓይን መንቀል የማይቻለው። ስልኩም እንዲሁ ነው። ዐሥር ጊዜ ትከፍቺዋለሽ፣ ምንም የለም። በዐሥራ አንደኛው አንድ ሰው ልብሽን የሚያሳርፍ ነገር ጽፏል። መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ እጅሽ ሳታስቢው ወደዚያ ይሄዳል። ያቺ ቀይ ቁጥር ስልኩ ላይ በከንቱ አልተቀመጠችም፤ ሠሪዎቹ ሰው እንዲመለስ ብለው ነው ያስቀመጧት። ስለዚህ እኅቴ፣ "እኔ ብቻ ደካማ ነኝ" ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ሦስተኛ፣ መመላለሻው ላይ የሚወራው ስለ በሽታ ነው። ሌላ ምን ይወራል? በየቀኑ አዲስ ታማሚ ይመጣል፤ የእርሱ ቁስል ገና ትኩስ ነው። እርሱን ስታጽናኚ የአንቺም ቁስል አብሮ ይከፈታል። የተፈለግሽ ይመስልሻል፤ እውነትም ተፈልገሻል። ግን ማታ ስትተኚ ቁጣሽ የዛሬ ሁለት ዓመት እንደ ነበረው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሞርሞኖች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ምእመናን ጾመው ይመጡና አንድ በአንድ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያናቸው እውነተኛ እንደ ሆነች ይመሰክራሉ። እኅታችን ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ፓስተር፣ ግሩፑ ውስጥም ያንኑ ነው የምናደርገው። በፊት እውነት ነው ብዬ እመሰክር ነበር፤ አሁን ሐሰት ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ልዩነቱ አሁን በየወሩ ሳይሆን በየሰዓቱ መሆኑ ነው።" አያችሁ? ፊቷ ዛሬም ወደዚያው ቤት ነው። የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው።

ጌታ ያንን ሰው ምን ብሎ ጠየቀው? መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። 38 ዓመት የታመመ ሰው ይህ ይጠየቃል? ግን ይጠየቃል። መዳን ማለት ከመመላለሻው መነሣት ነውና። የምታውቃቸውን ሰዎች፣ የለመድከውን ቦታ፣ "እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ" ያልክበትን ስም መተው ነው። ሰውየውም አዎ ወይም አይደለም ብሎ አልመለሰም። ወደ ውሃው የሚያገባው ሰው እንደሌለው ነገረው። ዙሪያውን በሰው ተከቦ ሰው የለውም!

ጌታም ወደ ውሃው አልወሰደውም። ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው። አልጋውን አቃጥል አላለውም። ስንት ዓመት አልጋው እርሱን ተሸክሞ ነበር፤ አሁን እርሱ አልጋውን ይሸከማል። እኅቴ ሆይ፣ እነዚያ 11 ዓመታት አልነበሩም እንድትዪ ጌታ አይጠይቅሽም። ተሸክመሻቸው ሂጂ፤ እነርሱ ግን ከእንግዲህ አያስተኙሽም።

በምዕራፍ 9 ደግሞ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው አለ። ዓይኑ በራ፤ ስለ ፈወሰው ሰው እውነቱን ስለ ተናገረ አስወጡት። ወላጆቹ እንኳ ፈርተው ከጎኑ አልቆሙም። ከፈሪሳውያን ጋር ያደረገው ክርክር ደግሞ እንዴት ያምራል! ዕድሜውን ሁሉ ያንን ክርክር እየደጋገመ መኖር ይችል ነበር። ኢየሱስ ግን እንዳስወጡት ሰማ፤ ፈልጎም አገኘው። በእግዚአብሔር ልጅ ያምን እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ሰውየውም ሰገደለት። የተባረረው ሰው ታሪክ በክርክር አላለቀም፤ በስግደት ነው ያለቀው። ብዙዎች ከስሕተት ትምህርት ወጥተው መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ እግዚአብሔርንም አብረው ይተዋሉ። ከአንድ ነገር መውጣት ብቻውን አያሳርፍም፤ ወደ አንድ አካል መድረስ ያስፈልጋል። እርሱም የሚፈልገን ጌታ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ይህን ስናገር እያፈርኩ ነው። ይህች እኅት ቢሮዬ ከመምጣቷ በፊት ወደ ጉባኤያችን መጥታ ነበር። ሦስት እሑድ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እኛ የምናውቃቸውን አቅፈን ስመን ወጣን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ቀረብ ብሎ "ሞርሞን ነበርሽ አሉ?" አላት። የመጀመሪያው ሰላምታችን ይህ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስልኳን ከፈተች፤ ወዲያው ብዙ ሰዎች "ቀንሽ እንዴት ነበር?" አሏት። "ፓስተር፣ እናንተ ጋ መዝሙሩ ደስ ይላል፤ እዚያ ግን ስሜን ያውቁታል" አለችኝ። ምን ልመልስ? እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጨብጫታለሁ፤ አንድም ጊዜ ስሟን አልጠየቅኋትም።

ይህን ለአንዲት አረጋዊት እናታችን ነገርኳቸው። እሳቸው ስብከት አላበዙም። ደወሉላትና "ልጄ፣ ቅዳሜ ቡና ነይ" አሏት። "እማማ፣ ቡና ከተውኩ 11 ዓመት አልፎኛል፤ ማፍላቱም ጠፍቶኛል" ብትላቸው፣ "ጀበናሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔ አለሁ" አሏት።

ሄደች። ቡናው ተቈላ፣ አቦል ተቀዳ። እናታችን ስለ ሞርሞን አንድ ነገር አልጠየቋትም። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወሩላት። በቶናው እኅታችን ስለ አማቷ መናገር ጀመረች። በበረካው አለቀሰች። እሳቸውም አብረው አለቀሱ፤ ጸለዩላት፤ ዳቦ ጠቅልለው ለልጇ ሰጧት። ቤቷ ስትደርስ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ እንደ ነበረ አየች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልከፈተችውም!

ፈጽማ ድናለች አልላችሁም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ትከፍተዋለች። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አለ። ረቡዕ ማታም ልጇን ይዛ የጸሎት ኅብረት ትመጣለች። ሰው አላት።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነገር የተያዝክ ወንድሜ፣ የተያዝሽ እኅቴ፣ እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፣ የረዷችሁን ሰዎች አትጥሏቸው፤ አመስግኗቸው። ሁለተኛ፣ ለስልኩ ልክ አብጁለት፤ ማታ ኩሽና ውስጥ ይደር እንጂ ትራስ ሥር አይደር። ሦስተኛ፣ ቁጣ ሲነሣባችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ስንት ለቅሶና ስንት አቤቱታ እንዳለ አይታችሁ የለ? እርሱ አይደነግጥም። አራተኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ፊት ለፊት የምታዩት አንድ ሰው ይኑራችሁ። አምስተኛ፣ እዚያ ለቀሩት ጸልዩ። ለሚያለቅሱት አማት የጸለየች ሴት ቁጣዋ ቀስ በቀስ ይበርዳል። ደግሞም እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ዛሬውኑ ሐኪም አነጋግሩ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

እናንተ ደግሞ በጌታ ቤት ያላችሁ ቅዱሳን፣ ነገሩ ወደ እኛው ይመጣል ብያችሁ አልነበር? ከአንድ ጉባኤ ተጣልተን ወጥተን፣ 10 ዓመት ሙሉ በየቡናው ስለዚያው ጉባኤ የምናወራ የለንም? ስለ ጌታ ከምንናገረው ስላስቀየመን መጋቢ የምንናገረው አይበልጥም? እኛም መመላለሻው ላይ ተኝተናል። ጌታ ዛሬ እኛንም መዳን እንወድ እንደ ሆነ እየጠየቀን ነው።

በመጪው እሑድ የኋላ ወንበር ላይ የምታዩትን ሰው ከየት እንደ መጣ ከመጠየቃችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት። በሚቀጥለውም እሑድ በዚያ ስም ጥሩት። ቅዳሜም ቡና አፍሉ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ከአንዱ ቤት ወጥተው ሌላ ቤት ሳይገቡ መንገድ ላይ ያሉትን አስብ። አንተ ፈልገህ አግኛቸው። ለእነርሱ ሰው መሆን ሲገባን ያልሆንበትን ጊዜ ይቅር በለን። ከተኛንበትም አስነሣን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሚያስፈልገው ሰው በእጁ ስጡት፤ ስትሰጡትም አብራችሁት ቁጭ በሉ።