ኢዮቤልዩና የወንድም ዕዳ
በደብራችን የ50ኛ ዓመት በዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች፥ የደብራችን ካህናትና ዲያቆናት፥ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤

ደብራችን ከተመሠረተ 50 ዓመት ስለ ሞላው፥ እነሆ ዛሬ ኢዮቤልዩ ብለን ተሰብስበናል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ እኅቶቻችን ዳቦውንና ጠላውን አሰናድተዋል፤ መዘምራኑም ከሌሊት ጀምረው ደክመዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ኢዮቤልዩ የሚለው ስም የግብዣ ስም አይደለም። ከወዴት እንደ መጣ ጥቂት ብናስታውስ፥ ስለ ምን ልናገር እንደ ቆምሁ ስሙ ራሱ ይገልጠዋል።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው 49 ሲሞላ፥ 50ኛውን ዓመት ይቀድሱ ዘንድ፥ የቀንድ መለከትም ይነፉ ዘንድ ታዘዙ። በድህነት ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለባርነት የሸጠም ወደ ወገኑ ይመለሳል። ይህን ሁላችን ሰምተነዋል። ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈው ግን መለከቱ የሚነፋበት ቀን ነው። በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ነው፤ ይህም ዕለተ ሥርየት ነው፤ ሊቀ ካህናቱ ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባበት፥ በዓመት አንዲቱ ቀን ናት። ምሥጢሩ የተሰወረ አይደለም። እግዚአብሔር የሕዝቡን ኃጢአት በሚተውበት በዚያው ቀን፥ ሰውም የወንድሙን ርስት ከእጁ እንዲለቅ ታዘዘ፤ ጧት ሥርየትን ተቀብሎ ማታ የወንድሙን እርሻ ይዞ የሚያድር እንዳይኖር ነው።

ጌታችን ባስተማረን ጸሎት ውስጥ የግዕዙ ቃል ኀደገ ከሚለው የወጣ ነው። ኀደገ ማለት ተወ፥ ለቀቀ ማለት ነው። ሐዋርያት መረባቸውን ትተው ጌታን በተከተሉ ጊዜም የግዕዙ ወንጌል የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። መረብን የተወ ሰው ጫፉን በጣቱ ይዞ አይሄድም። አማርኛችን ደግሞ ይቅር ይላል፤ ይኸውም ቀረ ከሚለው ነው። ይቅር ማለት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ፥ ሊመጣብህም ይገባ ነበር፥ ነገር ግን አይምጣብህ ማለት ነው። ያልነበረ ነገር ሊቀር አይችልምና፥ ይቅር የሚል ሰው አስቀድሞ ዕዳው ምን ያህል እንደ ሆነ ሊያውቀው ይገባዋል። በቅኔ ቤት ሰሙን ሳያበጅ ወርቁን የሚሻ ተማሪ ይገሠጻል፤ ወርቁ የሚፈስበት የለውምና። ዕዳውን ሳይቈጥር ይቅር ብያለሁ የሚልም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ጌታችን ጴጥሮስ ስለ ይቅርታ በጠየቀው ጊዜ የመለሰለት በሒሳብ ነው። ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜ ይበቃ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ እርሱም ሰባ ጊዜ ሰባት አለው። ይህ ቍጥር በኦሪት አስቀድሞ የተሰማው ከቃየል ልጆች ከላሜህ አፍ ነው፤ ላሜህ ስለ ቍስሉ ሰው ገድሎ፥ የእርሱ በቀል ሰባ ጊዜ ሰባት ይሆን ዘንድ ለሚስቶቹ የፎከረበት ነው። ጌታም የበቀልን ቍጥር ወስዶ የይቅርታ ቍጥር አደረገው።

ከዚያም ምሳሌውን ጨመረ። አንዱ አገልጋይ ለንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ባልንጀራው ደግሞ ለእርሱ መቶ ዲናር ነበረበት። አንዱ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ እንደ ነበር ከወይኑ ቦታ ሠራተኞች ታሪክ እናውቃለን። አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ነው። እንግዲህ እልፍ መክሊት ማለት 60,000,000 ዲናር ነው። አንድ ሰው በዓመት 300 ቀን ቢሠራና ከደመወዙ አንዲት ሳያጐድል ቢከፍል፥ ዕዳውን የሚጨርሰው በ200,000 ዓመት ነው። ያም አገልጋይ ታገሠኝ፥ ሁሉን እከፍልሃለሁ አለ! ንጉሡም ሐሳዊ ነህ አላለውም፤ ራርቶ ተወለት።

ስለ መቶው ዲናር ግን ሰባኪዎች ኢምንት ነው እያሉ ሲያልፉ እሰማለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መቶ ዲናር የመቶ ቀን ድካም ነው። ልጆች ላሉት ድሀ የዓመት ሲሶ እንጀራ ነው። ጌታችን ባልንጀራህ አልበደለህም፥ ነገሩን አክብደኸው ነው አላለም። ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው፤ የተወሰደብህም እውነት ተወስዶብሃል። ከስድሳ ሚሊዮኑ አጠገብ ሲቆም ብቻ ነው የሚያንሰው።

ይህን የምናገረው ስለ ሩቅ ሰው አይደለም። በዚህ ቅጽር ውስጥ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሆነው፥ አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራብ በር የሚወጣ አሉ። ነገሩ የድንበር ነው፤ ወይም የአባት ውርስ ነው፤ ወይም ለሠርግ የተበደሩት ገንዘብ ነው። ቄስ ቢጠይቃቸው ይቅር ብዬዋለሁ፥ ዓይኑን ግን አልይ ይላሉ። ይህ ቃል በአገራችን እጅግ የተለመደ ነው። ነገር ግን በቅዳሴያችን መካከል ጸሎተ አምኃ የሚባል አለ፤ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን በተቀደሰ ሰላምታ እጅ እንድንነሣ ያዘናል። ይህም ከፍሬ ቅዳሴው አስቀድሞ የተሠራው፥ ከወንድሙ ያልታረቀ ወደ ሥጋውና ደሙ እንዳይቀርብ ነው። ዛሬ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ራሳችንን ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ለማናውቀው ሰው ነው። ለማናውቀው ሰው እጅ መንሣት ቀላል ነው። ዓይኑን አልይ የተባለው ሰው ግን ከዐምዱ ወዲያ ቆሟል።

የጥንት አባቶች ይህን ችግር ያውቁት ነበር። የሐዋርያት ትምህርት በምትባለው በዲድስቅልያ፥ የምእመናን ክርክር በሰኞ ቀን እንዲሰማ ለኤጲስ ቆጶሳት ታዘዘ። ስለ ምን ሰኞ ቢሉ፥ ከሁለቱ አንዱ ፍርዱን ቢቃወም እስከ ቅዳሜ ድረስ ጊዜ እንዲኖር፥ በእሑድም ታርቀው በአንድነት እንዲቆሙ ነው። ፍርድ የሚሰማበትን ቀን እንኳ ለእሑድ ሰላም ሲሉ መረጡት። ልብ በሉ፥ ክርክሩን ተዉት አላሉም፤ ስሙት አሉ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልናችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሽማግሌ የአገር ጌጥ ነው፤ ደም የተቃባ እንኳ በሽማግሌና በመስቀል ደሙ ይደርቃል። ነገር ግን ባለጠጋው የመበለቲቱን መሬት ገፍቶ አጥሩን ካሳለፈ በኋላ፥ ሽማግሌዎች ወደ መበለቲቱ ብቻ ሄደው፥ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ተዪው፥ አንቺ ክርስቲያን ነሽ ሲሉ ይታያል። ወደ እርሱስ ስለ ምን አይሄዱም? አጥሩ በተተከለበት ቆሞ ሳለ የሚታረቀው ምንድን ነው? በኦሪት ዘኍልቍ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ተናዞ የወሰደውን እንዲመልስ፥ አምስተኛ እጅም እንዲጨምርበት ታዟል። ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መበለቲቱ ከልብዋ ይቅር ትበል፤ ይህ የእርስዋ ከእግዚአብሔር ጋር ያላት ነገር ነው። እርሱ ግን የሰውን በሬ በይቅርታ ካባ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ሊነዳ አይገባውም።

በድሮው ሥርዓታችን ምሕረት የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚመጣው፤ በደሌ ይህን ያህል ይከብዳል ሲል ነው። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ንጉሥ ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ወደ ዐፄ ዮሐንስ በቀረቡ ጊዜ፥ ዐፄ ዮሐንስ ይቅር አሉአቸው፤ የሸዋን ዘውድም ደፉላቸው። ነገር ግን ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ትተው፥ ግብርም ሊገብሩ ተስማምተው ነው። በደሉ ተመዘነ፤ የሚመለሰው ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ወረደ።

ከዚህ የሚበልጥ በደል በአገራችን ላይ ደርሷል። የኢጣሊያ ጦር በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በጥይት ገደለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጀመረውም እልቂት በዚያችው ከተማ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በቤቱና በመንገዱ ታረደ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ የገዳዮቹ የራሳቸው ቴሌግራም 297 መነኮሳትን ይቈጥራል፤ በኋላ ጊዜ የተደረገ ምርመራ ግን ቍጥሩን ከዚያ እጅግ አብዝቶ አግኝቶታል። ጠላት አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ፥ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማው ተመልሰው ሲናገሩ፥ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ሕዝቡን አዘዙ። በዚያች ቀን በከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ኢጣሊያውያን ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ነበሩ፤ አባቱ የታረደበት ሰውም በመንገድ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዳሩ ግን አገሪቱ የተደረገውን አልተደረገም አላለችም፤ የግፉን አድራጊዎች ስም ጽፋ በ1940 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ፊት ፍርድ ጠየቀች። ማርሻል ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ስላደረገው በማንም ዳኛ ፊት ሳይቆም ሞተ፤ ይህም የዓለም ፍርድ ጕድለት ነው። የጐረቤቱን የኢጣሊያ ቤት ያላቃጠለው ሰው ግን በዚህ ከሥራው አንዳች አልጐደለበትም።

አሁን ወደ ዮሴፍ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካኝ የእርሱ ነገር ነውና። ወንድሞቹ በ20 ብር ሲሸጡት የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበረ። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ራብ ሁለት ዓመት ከጸና በኋላ ለወንድሞቹ ራሱን ገለጠ፤ እንግዲህ ከሸጡት 22 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ይቅር አላቸው፤ በጌሤም ምድር አኖራቸው፤ ልጆቻቸውን መገበላቸው። ያዕቆብም በግብጽ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ።

አባታቸው በሞተ ጊዜ ግን ወንድሞቹ ዮሴፍ ምናልባት ይበቀለን ይሆናል ብለው ፈሩ፤ አባታችን ሳይሞት እንዲህ ብሎ አዝዞ ነበር ብለው መልእክት ላኩበት። ዮሴፍም ይህን ሰምቶ አለቀሰ። ስለ ምን አለቀሰ? አንድም፥ የአባቱ ስም ስለ ተነሣበት ነው። አንድም፥ የቀድሞው መከራ ስለ ታሰበው ነው። እኔ ግን ይህ ይመስለኛል፤ 17 ዓመት ሙሉ እንጀራውን እየበሉ፥ ቤቱ እየገቡ፥ አንድ ቀን እንኳ ይቅር መባላቸውን አለማመናቸውን በዚያች ሰዓት ስለ ተረዳ ነው። እርሱ ትቶታል፤ እነርሱ ግን ሲሸከሙት ኖረዋል። እርሱም አልተቈጣም፤ ዳግመኛ አትፍሩ አላቸው፥ እስኪያምኑትም ድረስ ልባቸውን አጽናንቶ ተናገራቸው።

ስለዚህ በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። ያ ሰው አልሰማህም፤ በበርህ ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል፤ ልጆቹንም በዚያ በኩል አትለፉ ይላቸዋል። ሄደህ ልትነግረው ይገባል፤ ካላመነህም እንደ ዮሴፍ ሁለተኛ ልትነግረው ይገባል። የበደልህም እንደ ሆንህ፥ አባትህ እስኪሞት አትጠብቅ፤ መልእክተኛም አትላክ፤ የወሰድኸውን ይዘህ ራስህ ሂድ።

የደብራችንን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን አንድ ነገር እለምናለሁ። በዓሉ ዛሬ ያልፋል፤ ድንኳኑም ነገ ይፈርሳል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ፥ ሁለት ካህናትና ሦስት ሽማግሌዎች ከሠርክ ጸሎት በኋላ በቤተ ልሔሙ አጠገብ ባለው አዳራሽ ይቀመጡ፤ የድንበርም፥ የውርስም፥ የብድርም ነገር ያለበት ሰው ወደዚያ ይምጣ። ሁለቱንም ወገን ይስሙ፤ የሚመለስ ካለ ያስመልሱ፤ ያልተስማማ ቢኖር እስከ ቅዳሜ ጊዜ ይስጡት። እኔም ጤና ከሰጠኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ልቀመጥ ፈቃደኛ ነኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።