ደጋፊ ብዕር ሲያነሣ



በቅርቡ ሦስት ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ መጥተው ስለ እግር ኳስ በራሳቸው መጻፍ ሊጀምሩ እንዳሰቡ ነገሩኝ። «ነገር ግን ጋዜጠኞች አይደለንም፤ አማተሮች ነን፤ ማን ይሰማናል?» አሉ። የዛሬው ንግግሬ ለእነርሱ የምሰጠው መልስ ነው።

«አማተር» የሚለው ቃል የመጣው «መውደድ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። የሚወድ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል አንድ ታሪክ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1985 በእንግሊዝ ብራድፎርድ ስታዲየም በተነሣ እሳት 56 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ወር በብራስልስ ሄይሰል ስታዲየም 39 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ደጋፊ በብዙዎች ዓይን ሁከተኛ ብቻ ሆኖ ታየ። በዚህ ወቅት ተራ ደጋፊዎች የራሳቸውን መጽሔት እያባዙ በስታዲየም በር ላይ ይሸጡ ጀመር። በ1986 የተመሠረተው «ዌን ሳተርዴይ ካምስ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ደጋፊው ስለ ራሱ የሚናገርበት መድረክ ያገኘው በዚህ መንገድ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ውጤቱንና የአምበሉን የሉቺያኖ ቫሳሎን ስም መዝገብ ይነግረናል። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ሲያልቅ በተመልካቹ ልብ ውስጥ የነበረውን ግን በቦታው የነበረ ሰው ካልነገረን በቀር አናውቀውም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ እየተለዩን ነው። ዛሬ በክልል ሜዳዎች የሚደረጉ ጨዋታዎችም ጸሐፊ ካላገኙ ዕጣቸው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ በቦታው መገኘት ብቻውን አይበቃም። በተማሪነቴ ደብተር ይዤ ስታዲየም እገባ ነበር። አንድ ቀን የምደግፈው ቡድን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። «ዳኛው በደለን» ብዬ ጽፌ በማደሪያችን ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። የተጋጣሚያችን ደጋፊ የነበረ ጓደኛዬ አንብቦ፣ «ኳሱ የተከላካያችሁን እጅ ሲነካ አጠገቤ ቆመህ አላየህም?» አለኝ። አይቻለሁ። ወረቀቱን ግን አላነሣሁትም፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለሦስቱ ተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። የተሰላፊዎችን ስምና የጎሎችን ደቂቃ በትክክል መዝግቡ፤ አስተያየታችሁ ቢረሳ እንኳ እርሱ ለትውልድ ይቀራል። ስትሳሳቱ እርማቱን ስሕተቱ በወጣበት ስፍራ አውጡ። ከክለብ ነፃ ትኬት ወይም ገንዘብ ከተቀበላችሁ ለአንባቢ ንገሩ። የተጋጣሚን አጨዋወት ተቹ፤ የደጋፊውን ማንነት ግን አትንኩ፤ በቃል የተጀመረ ጠብ በድንጋይ ሲያልቅ አይተናልና።

ቡድናችሁን መውደዳችሁን መደበቅ አያስፈልጋችሁም። አንባቢ የሚያምናችሁ ቡድናችሁ በተሸነፈበት ቀን እውነቱን ስትጽፉ ነው።