የውሻው መርፌ ለልጃችሁ ነው
(በኔታንያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ውሻ ነው ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። «ገና ቤት ሳንይዝ፣ ዕብራይስጡ ሳይገባን፣ ስለ ውሻ?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን በሄፍጽባ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ከመታጠቢያ ቤቱ የቡችላ ጩኸት ሰማሁ። ልጃቸው ከመንገድ አንሥቶ ያመጣው ነው። «ለምን ደበቁት?» ብላቸው፣ «የዒሪያው ሰው ካየው ይወስድብናል፤ መርፌም ወግቶ ያበላሽብናል» አሉኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእኒያ እናትና እንደ እርሳቸው ለሚሰጉ ሁሉ ነው።

እኔ በወገራ ሕፃን ሳለሁ ውሻ የግቢ ጠባቂ ነበር እንጂ ቤት አይገባም። የውሻ ክትባት የሚባልም አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ያበደ ውሻ የጎረቤታችንን ልጅ እጁን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበርና በቅጠልና በሥር ታክሞ ደረቀ፤ ሁላችንም ረሳነው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ውሃ ሲያቀርቡለት ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሳምንቱ ቀበርነው።

የእብድ ውሻ በሽታ፣ እዚህ ካሌቬት የሚባለው፣ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቁስሉ ይድናል፤ መርዙ ግን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሐኪምም ቢሆን ሊያድን አይችልም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶው 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ስለዚህ ውሻውን መከተብ ልጁን መከተብ ነው።

አሁን ወደ ስጋታችሁ ልምጣ።

«መርፌ የተወጋ ውሻ ይፈዛል፤ ቤት አይጠብቅም» ይባላል። አንድ ሁለት ቀን ሊደክመው፣ የተወጋበትም ቦታ ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ይሆናል። አልፎ አልፎ ግን ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው አለ። ይህን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ውሻው ታሞ ከሆነ ወይም ካረገዘች አስቀድማችሁ ንገሩት።

«ያመክነዋል» የሚሉም አሉ። አያመክንም። ማምከን ራሱን የቻለ ቀዶ ጥገና ነው።

«ከቆዳው ሥር በሚከቱት ነገር እኛን ይከታተሉናል» ያለኝም አለ። ያች የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ባትሪ የላትም፤ የት እንዳላችሁም አትናገርም። ማንበቢያውን ሲያስጠጉባት ቁጥር ብቻ ታሳያለች። ውሻው ቢጠፋ በዚያ ቁጥር ባለቤቱ ይገኛል። ስለዚህ ከመርካዝ ቅሊታ ወጥታችሁ ቤት ስትቀይሩ አዲሱን አድራሻና ስልክ አስመዝግቡ።

«የእኛ ውሻ ከቤት አይወጣም፤ ምን ያገኘዋል?» የምትሉም አትዘናጉ። በ2018 በሰሜን እስራኤል በሽታው በቀበሮዎች ዘንድ በርትቶ ነበር። መንግሥት ክትባት ያለበትን ምግብ በአውሮፕላን ለዱር አራዊት መበተን ከጀመረ ከ1998 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በሽታው ግን ከአገሩ ጨርሶ አልጠፋም። አንድ በር ተከፍቶ ቢያድር ይበቃል።

ሕጉም ግልጽ ነው። ሦስት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ፣ ቁጥር መያዝና ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቀጣዩ ክትባት መቼ እንደሆነ ከሐኪሙ ጠይቃችሁ ቀኑን ጻፉት።

ልጃችሁን ውሻ ቢነክሰው፣ ጭረትም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ቅቤም ቅጠልም አታድርጉበት። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱና ለጤና ቢሮው፣ ለሊሽካት ሀብሪኡት፣ እንዲነገር አድርጉ። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ በ«ፓስተር» ሆድ ላይ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ይወጋ የነበረውን መርፌ ታስታውሱ ይሆናል። እዚህ የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፤ ጥቂት ጊዜም ብቻ ነው። ያንን ፈርታችሁ እንዳትቀሩ። የነከሰው የራሳችሁ ውሻ ቢሆንም አትደብቁት። 10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል እንጂ በነከሰ ብቻ አይገደልም።

ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አስተርጓሚ አታድርጓቸው። ወደ ማኅበራችን ኑ፤ አንድ ሰው አብሯችሁ ይሄዳል።

ከእኒያ እናት ጋር ወደ ሐኪሙ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ቡችላው ባለቤት እንዳለው በማንበቢያው አየ፤ ቁጥር አልነበረውም። ከተበው፣ በልጁ እናት ስም መዘገበው። ልጁ ገመዱን ይዞ በፊት ለፊት በር ገባ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ያን ጊዜ በወገራ አልቻልንም፤ እዚህ ግን እንችላለን።