የሚለመጥ ክንፍ

ክረምት ገብቶ ደመናው ሲከብድ ከአድማጮቻችን የሚደርሰን ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። ትናንት ከአንገር ጉቲን አንድ ወንድማችን ደውሎ፣ «ከውጭ ስመለስ የተቀመጥኩት መስኮት ዳር ነበር። ደመና ውስጥ ስንገባ ክንፉ ወደ ላይ ጎብጦ ይወዛወዝ ጀመር። ሊሰበር ነበር እንዴ?» አለን። የተሳፈረው ድሪምላይነር በተባለው የቦይንግ አውሮፕላን ነው።

አይደለም ወንድሜ፤ ክንፉ ሲሠራም እንዲለመጥ ተደርጎ ነው። ሸንበቆ ለነፋስ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል፤ ደረቅ እንጨት ነው ቀጭ የሚለው። የድሪምላይነር ክንፍ የካርቦን ፋይበር በመሆኑ በበረራ ላይ ጫፉ 3 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በፈረንጆች 2010 ቦይንግ፣ ይገጥመዋል ተብሎ ከታሰበው ከባድ ጫና ለሙከራ አንድ ተኩል እጥፍ ጭኖበት ጫፉ 7.6 ሜትር ያህል ሽቅብ ጎበጠ፤ አልተሰበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ይህንኑ ዓይነት አውሮፕላን ነው።

ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ፤ መለመጥ ሌላ፣ መርገብገብ ሌላ! ልጅ ሳለሁ የቤታችን ቆርቆሮ ጠርዙ ላይ አንድ ምስማር ወልቆ ነበር። ለስለስ ያለ ነፋስ ሲነፍስ ዝም ይላል። ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ግን ከፍ ዝቅ፣ ጥምዝዝ እያለ ራሱን ይደበድባል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረንም። አባቴ መሰላል አስደግፎ አንድ ምስማር ቢመታበት ጸጥ አለ። የክንፍ መርገብገብም እንዲሁ ነው፤ መጉበጡና መጠምዘዙ ተጋግዘው ከነፋሱ ጉልበት ይቀበላሉ። ለዚህ ነው መሐንዲሶች አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወረወር ይደርስበታል ተብሎ ከተሰላው ፍጥነት 15 በመቶ አልፎ እንኳ ክንፉ እንደማይረገበገብ እንዲያረጋግጡ የሚገደዱት።

ይህን ካነሳሁ ሄሊዮስን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰው አልባ፣ በፀሐይ ኃይል የሚበር የናሳ አውሮፕላን ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ሜትር፣ ነገሩ ሁሉ ክንፍ። በ2001 ከ29 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። በ2003 ሃዋይ አጠገብ የተናወጠ አየር ገጠመውና እንደ ቀስት ጎበጠ፤ በዚያው ቀረ። መዋዠቁ እየባሰ፣ ፍጥነቱ ከተፈቀደለት አልፎ ሽፋኑ ተገሽልጦ ባሕር ላይ ወደቀ። የጎበጠ ክንፍ የበረራውን ጠባይ ጭምር እንደሚለውጥ የዚያን ጊዜው ስሌት አጥርቶ አላሳየም ነበር። እኔን ዛሬም ድረስ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ሰዓቱ አለቀ እያሉኝ ነው። ወንድሜ፣ በአንድ ነገር ግን ተቀይሜሃለሁ፤ ክንፉን ለማየት ቀበቶዬን ፈታሁ ብለኸናል። አየሩ ሲናወጥ ተነስቶ ጣሪያ የሚመታው ቀበቶውን የፈታ ሰው ነው። እባካችሁ፣ የቀበቶ ምልክቱ ቢጠፋም እንኳ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ቀበቷችሁን አትፍቱ።